መልስ፦ ለትእዛዝ ሥዕል ስንት ልጠይቅ?

የባልና ሚስት ፎቶ ልኮ «40 በ60 ሳንቲ ሜትር ሸራ ላይ በዘይት ቀለም ሣልልኝ፣ ስንት ነው?» ላለህ ሰው ወዲያው ቁጥር አትጥራ። «ነገ አሳውቅሃለሁ» በለውና ይህን አስላ፦

1. የሚፈጅብህን ሰዓት ቁጠር፤ ንድፉን፣ ከደንበኛው ጋር የምትጻጻፍበትን፣ ማሸጉንም ጨምረህ። በሰዓት ማግኘት በምትፈልገው አባዛው።
2. ሸራ፣ ቀለም፣ ፍሬም፣ ማድረሻ ደምርበት።
3. ለሁለተኛው ፊት ጨምር። ጊዜ የሚበላው ፊትና እጅ ነው።

«በካሬ ላስከፍል?» ላልከው፣ ይቻላል፤ ግን ትልልቁ ሥዕል ላይ ጉድ ያደርግሃል። 40 በ60 ማለት 2,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 80 በ120 ስታደርገው 9,600 ይሆናል፣ አራት እጥፍ! ድካሙ ግን አራት እጥፍ አይሆንም፣ ገዢውም ይሸሻል። እኔ ርዝመትና ወርዱን ደምሬ በቋሚ ቁጥር (ለአንድ ሳንቲ ሜትር በወሰንኩት ዋጋ) አባዛለሁ፤ ድምሩ 100 የነበረው (40 እና 60) 200 ይሆናል (80 እና 120)፣ በቃ።

ግማሽ ክፍያ ሳትቀበል ሸራ አትወጥር። (ዘመድም ቢሆን። በተለይ ዘመድ ከሆነ።)

እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርህ። አንዴ የእርሳስ ንድፉን ሳላሳይ ቀለም ውስጥ ገባሁ። «አፍንጫዋ ትንሽ ጠበብ ቢል» ተባልኩ፣ አጠበብኩ። ቀጥሎ «ቀሚሱ ሰማያዊ ይሁን» መጣ። ሰባት ጊዜ ነካካሁት፣ በዚያው ዋጋ። አሁን ንድፉን ልኬ «እሺ» የሚለውን በጽሑፍ እቀበላለሁ። ሁለት ማስተካከያ በነጻ፣ ከዚያ በሰዓት አስከፍላለሁ። ቀለም ከገባ በኋላ ቀሚስ አልቀይርም።