ቺፑ ነው ወይስ ስክሪኑ? የጎጃም ላፕቶፕ ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ሰሞኑን «ኤንቪዲያ ቺፕ ያለባቸው አሮጌ ላፕቶፖች ሁሉ ከፋብሪካ ተበላሽተው የወጡ ናቸው» የሚል ወሬ ተናፍሶ ሰው ተረብሿል። ኤንቪዲያ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከውን የግራፊክስ ቺፕ የሚሠራ ኩባንያ ነው። ጠይቁኝ አልኩ፤ ጠየቃችሁኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ (መምህር፣ ከሞጣ)፦ ለመሆኑ ነገሩ እውነት ነው ወይስ ነጋዴ አዲስ ዕቃ ለመሸጥ ያስወራው?

እውነት ነው መምህር፣ ያመነውም አምራቹ ራሱ ነው። ኤንቪዲያ በጁላይ 2008 ለጥገናና ለዋስትና ወጪ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚይዝ አስታወቀ፤ ምክንያቱም አንዳንድ የላፕቶፕ ቺፖቹ የታሸጉበት ማቴሪያል ደካማ ሆኖ መገኘቱ ነው። «ሁሉም» የሚለው ግን ውሸት ነው። በብዛት ስማቸው የተነሳው ጂፎርስ 8400ኤም እና 8600ኤም፣ እንዲሁም የእነሱ ወንድም የሆኑ አንዳንድ ኳድሮ ቺፖች ናቸው። የ2007 እና የ2008 ላፕቶፖች ላይ ይገኛሉ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ማሽን ኤንቪዲያ የሚል ስቲከር ስለተለጠፈበት ብቻ እንቅልፍ አይንሳዎት።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)፦ ቺፑ ላይ የሚበላሸው ምኑ ነው? ይቃጠላል?

አይቃጠልም፤ ይላቀቃል። ቺፕ ብለን የምንጠራው ነገር ሁለት ፎቅ አለው። ላይ ያለችው የምታብረቀርቀው ሲሊከን ናት። ከሥሯ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። ሲሊከኗ ከሰሌዳው ጋር የምትያያዘው ለዓይን በማይታዩ የሊድ (የመበየጃ ብረት) ጉብታዎች ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ በተለቅ ባሉ የሊድ ኳሶች ማዘርቦርዱ ላይ ይቀመጣል።

ጣጣው ያለው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሲሊከን በሙቀት እምብዛም አይሰፋም፣ ሰሌዳው ግን ከእሱ ብዙ እጥፍ ይሰፋል። ማሽኑ ሲበራ ይሳሳባሉ፣ ሲጠፋ ይመለሳሉ። በጉብታዎቹ መካከል የሚፈስ ሙጫ አለ፤ ሥራው ይህን ጉተታ ተቀብሎ ጉብታዎቹን ማገዝ ነው። ሙጫው ቺፑ በሚሠራበት ሙቀት የሚለሰልስ ዓይነት ከሆነ ግን ጭነቱን ለጉብታዎቹ ትቶት ቁጭ ይላል። ያኔ ምርግ በዝናብና በፀሐይ ሲፈራረቅበት እንደሚሰነጠቀው እነሱም ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ የሚጎዳው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ መሞቅና መብረድ መመላለሱ ነው።

ጥያቄ (ያው ተማሪ)፦ እንዴ! ማርቆስ ብርድ አይደል? እዚህ ላፕቶፕ ምን ያሞቀዋል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። ጠዋት በብርድ ክፍል የተነሳ ቺፕ ከቀዝቃዛ ተነስቶ 80 እና 90 ዲግሪ ድረስ ሲወጣ ደግሞ የሚጓዘው መንገድ ረጅም ነው፤ መስፋቱና መሰብሰቡም በዚያው ልክ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መብራት ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል፣ በመጣ ቁጥር እንደገና ይነሳል። የቺፑን ዕድሜ የሚበላው ያ ነው። በማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ቢባል እኔ ባትሪ እላለሁ። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጣችሁ ፊልም የምታዩትንስ ምን ልበላችሁ! የአየር መግቢያው ከሥር ነው እኮ።

ጥያቄ (እናት፣ ከቢቸና)፦ የልጄ ላፕቶፕ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር አወጣ። ጠጋኙ «ቺፑ ሞቷል» አለኝ። ስክሪኑ ሊሆን አይችልም?

ሊሆን ይችላል እናቴ፣ ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይለይ። ልጁ ላፕቶፑን ከሌላ ሞኒተር ወይም ትምህርት ቤት ካለ ፕሮጀክተር ጋር ያገናኘው። እዚያም ላይ መስመሩ ከታየ ጥፋቱ የቺፑ ነው። እዚያ ጥርት ብሎ ከታየና ላፕቶፑ ላይ ብቻ ከተበላሸ ግን ስክሪኑ ነው፣ ወይም ደግሞ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ወደፊትና ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅስ መስመሩ ከመጣና ከሄደ ገመዱን ይጠርጥሩ፤ እሱ ቀላል ሥራ ነው።

አንድ ልጨምር። መስመሩ ገና የኩባንያው ምልክት ሲታይ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ ከጀመረ ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም። «ሶፍትዌር ነው» ብሎ ፎርማት የሚያስከፍልዎ ሰው ካለ ይተዉት።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የእኔ ስክሪኑ ደህና ነው። ዋይፋይ ግን ጭራሽ ጠፋ፣ ካርዱንም አያውቀውም። ካርድ ብቀይርም ያው ነው። ከዚህ ጉዳይ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ምልክት ነው። በዚያ ዘመን በኤኤምዲ ፕሮሰሰር በተሠሩ አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ግራፊክሱና የማዘርቦርዱ ዋና ቺፕ አንድ ላይ ነበሩ፤ ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚሸሸው ዋይፋዩ ሊሆን ይችላል። ኤችፒ ለዲቪ2000፣ ለዲቪ6000 እና ለዲቪ9000 ላፕቶፖቹ ዋስትናውን ሲያራዝም ከዘረዘራቸው ምልክቶች መካከል የዋይፋይ ካርድ አለመታየት፣ ባትሪ አለመሞላትና ስክሪን መጨለም ነበሩበት።

ማሽንህ ከእነዚህ ዘመዶች ከሆነ ዛሬውኑ ሰነድህን ወደ ፍላሽ ገልብጥ። ዋይፋይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስክሪኑ ተከትሎ ይሄዳል።

ጥያቄ (ፎቶና ቪዲዮ ቤት፣ ፍኖተ ሰላም)፦ ላፕቶፔን በሂት ገን (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) አሙቀውልኝ ተነሳ። ሁለተኛ ጊዜም ሞተ፣ እንደገና አሙቀውት ተነሳ። የሰርግ ሥራ አለብኝ። ልቀጥል?

ጓዴ፣ አትቀጥል። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው በእኛ ሙያ ሰው በብዛት የሚዘረፈው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ማሞቅ የተሰነጠቀውን ጉብታ ለጊዜው ያገናኘዋል፤ ደካማው ሙጫ ግን እዚያው ነው። ሳምንት ሊሠራ ይችላል፣ ወራትም ሊሠራ ይችላል፣ መሞቱ ግን አይቀርም። እንደ ሙሉ ጥገና ዋጋ መጠየቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም። እኔ የማሞቀው ደንበኛው «ፋይሌን ላውጣ» ሲለኝ ብቻ ነው፤ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፣ ዋስትናም አልሰጥም።

ሪቦል የሚባለውም አያታልልህ። ሪቦል የሚቀይረው ከሰሌዳው በታች ያሉትን ኳሶች ነው። የዚህ ችግር ስንጥቅ ከሰሌዳው በላይ፣ ሲሊከኗ ሥር ነው። ኳሱን አሳምረህ ብትቀይረው ያልታመመውን አከምክ ማለት ነው። እውነተኛው መፍትሔ ችግሩ ታርሞ በወጣ አዲስ ቺፕ መተካት ነው፤ ለዚያ ማሽን ይህን ወጪ ማውጣት ግን እኔ አያዋጣም ብዬ ነው የምመልስህ። የሰርጉን ሥራ ጓደኛ ማሽን ላይ ጨርስ። ጥሬ ቪዲዮውን እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አስቀምጠህ ከሆነ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ተነስና ገልብጥ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ማዘርቦርዱን ፈተው ኦቨን ውስጥ የሚከቱ ሰዎች ቪዲዮ አየሁ። እኛ ኦቨን የለንም፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆን?

አሳቅከኝ። በምጣድም በኦቨንም አይሆንም። ውጤቱ ከሂት ገኑ አይሻልም፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እነዚያ ጉብታዎች ደግሞ እርሳስ ያለባቸው ናቸው። እንጀራ የሚጋገርበት ዕቃ ላይ እርሳስ አይወጣም።

ጥያቄ (ነጋዴ፣ ከቡሬ)፦ ዴል ዲ630 በርካሽ አግኝቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ነው?

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ኳድሮ ኤንቪኤስ 135ኤም የሚባል የኤንቪዲያ ቺፕ አለበት፤ እሱን ተወው። ሌላው የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ያለው ነው፤ ይህ ችግር አይመለከተውም። ከውጭ ሲታዩ መንትያ ናቸው። ከመክፈልህ በፊት ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብተህ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈት፣ ስሙን አንብብ። ሻጩ «ባትሪ የለውም፣ አይበራም እንጂ ደህና ነው» ካለህ ደህና ሰንብት በለው።

ዴል ያኔ ፋኑ ቶሎ እንዲነሳና ብዙ እንዲሠራ የሚያደርግ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) አውጥቶ ነበር። ብዙዎች ሕመሙን ማዘግየት እንጂ መፈወስ አይደለም ብለው ተቹት፤ ትክክል ናቸው። ያም ሆኖ ኤንቪዲያ ያለበት በእጅህ ከገባ ጫነው፤ መዘግየትም አንድ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የ2011 ማክቡክ ፕሮ ሊልክልኝ ነው። እሱስ?

ያኛው ሌላ ታሪክ ነው። ባለ 15 እና ባለ 17 ኢንቹ የ2011 ማክቡክ ፕሮ ያለበት የኤኤምዲ ቺፕ ነው፤ እሱም በግራፊክስ ብልሽት ስሙ ወጥቶ አፕል በፌብሩዋሪ 2015 ነፃ የጥገና ፕሮግራም ከፍቶለት ነበር። ፕሮግራሙ ከተዘጋ ቆይቷል። ባለ 13 ኢንቹ የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ስላለው ከዚህ ነፃ ነው፤ ምርጫ ካለሽ እሱን ላክልኝ በዪው። ትልቁ ከመጣም የኤኤምዲውን ቺፕ አጥፍቶ በኢንቴሉ ብቻ ማሠራት ይቻላል፤ ያኔ ግን ፕሮጀክተር ወይም የውጭ ሞኒተር አያወጣም። ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ይበቃሻል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ኤንቪዲያዎች ካሣ አይከፍሉንም?

አሜሪካ ውስጥ ተከሰው በ2010 ስምምነት ጸድቋል፤ ማመልከቻው በ2011 ተዘግቷል። ጊዜህን አታባክን።

ጥያቄ (ከቡሬ፣ ያው ነጋዴ)፦ ያለኝ ላፕቶፕ ፋኑ ይጮኻል። ራሴ ላጽዳው?

አጽዳው። አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ። አቧራውን ስትነፋ ፋኑን በእንጨት ወይም በጣትህ ያዘው፤ ነፋሱ በኃይል ሲያሽከረክረው መሽከርከሪያው ይጎዳል። ቴርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው መዳብ የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ከሆነ የድሮውን በአልኮል ጠርገህ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ብዙ መቀባት አይጠቅምም። ከቺፑና ከመዳቡ መካከል ወፍራም ስፖንጅ መሳይ ነገር ካገኘህ ግን አትጣለው፤ ክፍተቱን የሚሞላው እሱ ነው፣ በፔስት ብቻ አይተካም።