ማሽኑ ማንን እየጠበቀ ነው?

ልጆቼ፣

ሰርቨር ስጠብቅ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አብዛኛውን እዚሁ አዳማ። ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ከርነል ውስጥ መግባት ከየት ይጀመራል?» ይሉኛል። ከርነል ማለት ፕሮግራሞቹንና የማሽኑን ዕቃ የሚያገናኘው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። እኔ የገባሁት አልጠፋ ባለ ሰርቨር በኩል ነው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ምክሬም እዚያው ውስጥ አለ።

ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር ነበር። ጥፋ ሲባል እሺ ይላል። ፕሮግራሞቹን ይዘጋል፣ ፋይል ሲስተሙን አንማውንት ያደርጋል (ከዲስኩ ያላቅቀዋል)፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ ሃንግ ያደርጋል፤ ቆሞ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የነበረው ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል። ማራገቢያው ግን ይዞራል። ደግሞ ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ በሰላም ይጠፋል፣ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል። እኛም ፓወር በተኑን ተጭነን እንይዛለን፤ ጭጭ ሲል እንገላገላለን። «ማሽኑ አርጅቷል» ተባለ። ሰባት ወር በዚሁ ኖርን።

ሰርቨር በሰላም መጥፋቱ እኛ ጋ ትልቅ ጉዳይ ነው። በበጋ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጫቅጨው መብራት ይሄዳል። ዩፒኤሳችን፣ መብራት ሲሄድ የሚተካው ባትሪ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይይዛል። ባትሪው ዝቅ ሲል ለሰርቨሮቹ ዝጉ ብሎ ይነግራቸዋል። አንዱ ሃንግ አድርጎ ከቆመ ለሌሎቹ የተረፈችውን ባትሪ እሱ ይጨርሳታል።

ከዚያ የባሰም አለ። የሊኑክስ ከርነል ሊጠፋ ሲል መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ያሰናብታል። መጨረሻ የተመዘገበው መጀመሪያ ይሰናበታል፤ ሰልፉ ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። የዲስኩ ተራ ሲደርስ በጊዜያዊ ማህደሩ የያዘውን ሁሉ ጽፎ እንዲጨርስና እንዲያርፍ ይነገረዋል። ከዲስኩ በፊት ተራ ያለው መሣሪያ ከቆመ ግን ዲስኩ ተራው ሳይደርሰው መብራቱ ይቋረጥበታል። በነዚያ ሰባት ወራት አንድ ዲስክ ሞቶብናል። በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

የዚያን ጊዜ አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። ማንም ሳያዛት ደብተር ያዘች። ቀን፣ ሰዓት፣ ስክሪኑ ላይ የመጨረሻዋ መስመር ምን እንደምትል፣ ማን እንዳጠፋው፣ ሁሉን ትጽፋለች። ደብተሩ ከሁላችንም በላይ ሠራ። አንድ ከሰዓት ደብተሩን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የሚሆነው መብራት ሲሄድ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ስንሞክረው አንድ ቀንም ሃንግ አድርጎ አያውቅም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ስንፈትነው የነበረው መብራት ባለበት፣ ኔትዎርኩ በሚሠራበት፣ ማንም በሌለበት ሰዓት ነው። ችግሩ የሚኖርበትን ሁኔታ ሳንፈጥር «ሞክረነዋል፣ ደህና ነው» እንል ነበር። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። ችግሩን በፈለጋችሁት ሰዓት መጥራት እስካልቻላችሁ ድረስ ፈታሁት ማለት አትችሉም።

መጀመሪያ የቆመበትን ቦታ ለየን። «ሃንግ አደረገ» ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። «የማቆሚያ ሥራ በመካሄድ ላይ» የሚል መልእክት ከነሰከንዱ እየቆጠረ ከሆነ፣ የቆመው አንድ ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። ሰርቪሶቹን የሚያስነሳውና የሚዘጋው ሲስተምዲ እንደተለመደው 90 ሰከንድ ይታገሠውና በግድ ይዘጋዋል፤ ያ የከርነል ጉዳይ አይደለም። ከርነሉ «ፓወር ዳውን» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ጽፎ ማሽኑ ካልጠፋ፣ ከርነሉ የራሱን ጨርሷል፤ ወደ ባዮሱና ወደ ኤሲፒአይ፣ ማሽኑ ራሱ ይዞት ወደሚመጣው የማስነሻና የኃይል መቆጣጠሪያ፣ ሂዱ። የኛ በሁለቱ መካከል ነበር። ሰርቪሶቹ ተዘግተዋል፣ «ፓወር ዳውን» ግን አልመጣም። ይህ ማለት ከሚሰናበቱት መሣሪያዎች አንዱ አልወጣም ማለት ነው።

የትኛው? በዚያ ሰዓት ሎግ ፋይል የለም። ዲስኩ ላይ የሚጽፍ ሰው የለም፣ ኔትዎርኩም ሄዷል። ስለዚህ ከመሳቢያ የሲሪያል ኬብል፣ ጽሑፍ ከማሽን ወደ ማሽን የሚያሳልፍ የድሮ ገመድ፣ አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ሰርቨሩ ላይ፣ ሌላውን ላፕቶፕ ላይ ሰክተን ፍጥነቱን በሰከንድ 115200 ቢት አደረግነው። ከርነሉም መልእክቱን ወደዚያ እንዲልክ ማስነሻው ላይ ጻፍንለት። ኬብሉ ርካሽ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ብዙዎቻችሁ አይታችሁት አታውቁም። ግን ሁሉም ነገር ከተዘጋ በኋላ የሚናገር እሱ ብቻ ነው። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባል የለ?

የኔትዎርኩን ገመድ ነቀልን፣ ወዲያው ጥፋ አልነው። መብራት ሲሄድ የሚሆነውን መምሰላችን ነው፤ ስዊቹ፣ የኔትዎርክ ገመዶቹ የሚሰኩበት ሳጥን፣ ዩፒኤስ ላይ ስላልነበረ መብራት ሲጠፋ ገመዱ እንደተነቀለ ይቆጠራል። በሦስተኛው ሙከራ ደረቀ። እጄ ከልማድ ወደ ፓወር በተኑ ሄደ። ልጅቷ «ቆይ ጋሼ» አለችኝ። ወንበር ስበን ቁጭ አልን። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ላፕቶፑ ስክሪን ላይ መስመሮች ወረዱ። አንድ ሥራ ከ120 ሰከንድ በላይ ታግዶ ቆይቷል ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የት እንደቆመ በዝርዝር።

ከርነሉ ውስጥ ቆመው የቀሩ ሥራዎችን የሚከታተል ጠባቂ አለ። ልማዱ 120 ሰከንድ ነው። በብዙ ሊኑክሶች ላይ ሳትጠይቁት ይሠራል። እኛ ግን ለሰባት ወር አንድም ቀን ሁለት ደቂቃ አልጠበቅነውም። ሊናገር ሲል አፉን ስንዘጋው ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም።

መጠበቅ ካልፈለጋችሁ ሌላም መንገድ አለ። ሲስአርኪው የሚባለው ቁልፍ ቀድሞ ከተፈቀደ፣ አልት፣ ፕሪንት ስክሪንና ደብሊዩን አንድ ላይ ስትጫኑ ከርነሉ የታገዱትን ሥራዎች ሁሉ ይዘረዝራል። በሲሪያል ከሆነ ብሬክ የሚባለውን ምልክት ልካችሁ ደብሊዩን ትመታላችሁ። ብዙ ቦታ ለደኅንነት ሲባል ተገድቦ ይመጣልና ችግሩ ከመምጣቱ በፊት አዘጋጁት።

ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ከሥሩ የማጥፊያው ጥሪ፣ ከዚያ የመሣሪያዎቹ ማሰናበቻ፣ ከዚያ የኔትዎርክ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ኮድ)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሠራተኛው እስኪጨርስ ጠብቅ» የሚለው። የድራይቨሩን ኮድ ከፈትን። ካርዱን በየሰከንዱ የሚያይ አንድ የጀርባ ሠራተኛ አለው። ገመድ ሲነቀል ደግሞ ካርዱን እንደገና ለማስነሳት ሥራ ይበዛበታል። ሠራተኛው ለመሥራት አንድ ሎክ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ የሚይዘው ቁልፍ፣ ያስፈልገዋል። የማጥፊያው ኮድ ደግሞ ያንኑ ሎክ መጀመሪያ ይይዝና፣ ሎኩን እንደያዘ ሠራተኛው እስኪጨርስ ይጠብቃል።

እንዲህ አስቡት። የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። አንተን በር ላይ አቁሜ «ቤቱን ጠርገህ ካልጨረስክ ቁልፉን አልሰጥህም» እልሃለሁ። አንተ ያለ ቁልፍ አትገባም። እኔም ሳትጠርግ አልሰጥህም። ሁለታችንም ጥፋት የለብንም፣ ሁለታችንም ትእዛዝ አክባሪዎች ነን፣ እስከ ዕለተ ምጽአት ግን እዚያው ነን። ሃንግ አደረገ የምንለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ማሽኑ አልሞተም፣ እየጠበቀ ነው። ጥያቄያችሁ «ምን ነካው?» ሳይሆን «ማንን እየጠበቀ ነው?» ይሁን። መልሱን ስታገኙ ደግሞ ያኛውስ ማንን ይጠብቃል ብላችሁ ቀጥሉ።

እሁድ እሁድ ለምን እንዳልደረሰ ያኔ ገባን። ገመዱ ደህና ሲሆን ሠራተኛው ብልጭ ብሎ ይጨርሳል። ከማጥፊያው ጋር የሚገናኘው እንደ ዕድል ነው።

አሁን ስለ ስህተቴ። መጀመሪያ የሠራሁት ሎኩ ከመያዙ በፊት ሁለት ሰከንድ እንዲያርፍ ማድረግ ነበር። ሃያ ጊዜ ሞከርኩት፣ ሃያውንም ጠፋ። ደስ አለኝ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ደረቀ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሁለት ሰከንዱ ችግሩን አልነካውም፤ የሚገናኙበትን ዕድል ብቻ ቀነሰው። እንዲህ ያለ ማስታገሻ ከችግሩ ይብሳል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ዓመት ጠብቆ የሚፈነዳ ነገር ትታችሁለት ትሄዳላችሁ። ኮድ ውስጥ «ትንሽ ጠብቅ» የሚል ነገር ስታዩ ከሥሩ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

እውነተኛው መፍትሔ ቅደም ተከተሉን መቀየር ነበር። መጀመሪያ ካርዱ አዲስ ሥራ እንዳይጠራ ማቋረጫውን (ኢንተራፕት፣ ካርዱ ከርነሉን የሚጠራበት ምልክት) መዝጋት። ቀጥሎ ሎክ ሳይያዝ ሠራተኛውን አሰናብቶ መጨረሱን መጠበቅ። ሎኩ ከዚያ በኋላ። የተቀየረው አራት መስመር ነው። ለድራይቨሩ ኃላፊ በኢሜይል ስንልከው የጻፍነው ማብራሪያ ግን ሃያ ሁለት መስመር ሆነ። ማን ማንን እንደሚጠብቅ፣ እንዴት እንደሚደገም፣ ሁለት ሰከንዱ ለምን እንዳልሠራ። ማብራሪያውን የጻፈችው ልጅቷ ናት፣ ስሟም በላክነው ለውጥ አናት ላይ ሰፍሯል። ለውጡ ምን እንደሚያደርግ ኮዱ ራሱ ይናገራል። ለምን እንዳስፈለገ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። የማጥፊያውን ኮድ ስናነብ 672274793 የሚል ቁጥር አገኘን። ከርነሉ በስህተት እንዳይጠፋ እንደ ይለፍ ቃል የሚቀበለው ነው። በአስራ ስድስት ቤት (በሄክሳዴሲማል) ሲጻፍ 28121969 ይሆናል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1969 ነው። ልጅቷ ይህን ስታይ ሳቀች፣ ኮዱንም መፍራት ተወች። ሰው የጻፈው ነው፤ ሰው ያነበዋል።

ዛሬ ብሆን አንድ ነገር አስቀድም ነበር። ሎክዴፕ የሚባል መርማሪ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ለሙከራ በምትገነቡት ከርነል ላይ አብሩት። የሎኮቹን ቅደም ተከተል ስለሚመዘግብ መቆላለፉ ሳይደርስ ሊያስጠነቅቃችሁ ይችላል። ችግሩ አዲስ ቨርዥን ከጫናችሁ ወዲህ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛውን የኮድ ለውጥ ፈልጎ የሚያወጣ ጊት ቢሴክት የሚባል መሣሪያ አለላችሁ። ለውጦቹን እኩል እየከፈለ 10,000ውን በ14 ሙከራ ያህል ወደ አንድ ያወርድላችኋል። የኛ ስህተት ከድራይቨሩ ጋር የተወለደ ስለነበር አልጠቀመንም።

አዲሱን ከርነል ከጫንን በኋላ ገመዱን እየነቀልን መቶ ጊዜ አጠፋነው። መቶውንም ጊዜ ጠፋ። እኔ ግን እውነተኛውን ቀን እየጠበቅኩ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ በአንድ ማክሰኞ ማታ መብራት ሄደ። ቆርቆሮው ይንቀጫቀጫል፣ ዩፒኤሱ ይጮኻል። ሁለታችንም በስልክ ባትሪ እያበራን ላፕቶፑ ፊት ቆምን። መስመሮቹ ወረዱ፣ «ፓወር ዳውን» አለ፣ ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ከጎኑ «ጠፋ፤ 38 ሰከንድ» ብላ አሰፈረች።