ለሚበሩ ልጆቼ፣ ስለ ጥርስ

ልጆቼ፣ ጥርስ ሳክም ፀጉሬ ሸብቷል። ከአውሮፕላን ወርደው ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ እኔ የመጡም ጥቂት አይደሉም። ከጅዳ የተመለሰች አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ጉንጯን በነጠላዋ ደግፋ ገባች። አፏን ስትከፍት ቅርንፉድ ሸተተኝ። አስፕሪን ያስቀመጠችበት ድድ ተቃጥሎ ነጭ ሆኗል። (አስፕሪን ይዋጣል እንጂ ድድ ላይ አይለጠፍም፤ ስንቴ ልናገር!) ሕመሙ የጀመራት አውሮፕላኑ ሲነሣ ነው። «ስናርፍ ይተወኛል ብዬ ነበር» አለችኝ።

አልተዋትም። ከአሮጌው ሙሌት ሥር ጥርሷ ተበልቶ ነርቩ ተቆጥቷል፤ የተቆጣ ነርቭ ደግሞ የአየር ግፊት ሲቀንስ አይችልም። በበረራ ላይ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው። ጅዳ ባሕር ዳር ናት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ወረደች እንጂ ጥርሷ አልወረደም። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በአንጻሩ ሽቅብ ሲወጣ እምብዛም ለውጥ አያገኘውም፤ የሚፈተነው ዱባይ ወይም ጅዳ ለማረፍ ሲያዘቀዝቅ ነው።

ሲያዘቀዝቅ የሚመጣው ሕመም ግን ሁልጊዜ የጥርስ አይደለም። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ከሳይነስ፣ ማለትም ከጉንጭ አጥንት ውስጥ ካለው አየር የያዘ ክፍተት ጋር ጎረቤት ነው። ሳይነሱ በጉንፋን ከተደፈነ የግፊቱን ለውጥ ማስተካከል ያቅተውና ጥርስ የታመመ ያስመስላል። ይህን የተማርሁት በሰው ጥርስ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ መንገደኛ አፍንጫውን እየሳበ መጣ፤ ላይኛውን መንጋጋ በጣቱ አሳየኝ፤ እኔም ነቀልሁለት። ሥሩ ንጹሕ ነበር። ሕመሙ የተወው ጉንፋኑ ሲለቀው ነው።

ጉዞ ካላችሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚጠዘጥዘውን ጥርስ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት አሳዩ። ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄዱ በተለይ፣ እዚያ ፈቃድ ጠይቆ ሐኪም ዘንድ መሄድ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በበረራ ዋዜማ ጥርስ አታስነቅሉ፤ ደሙ ቢያስቸግራችሁ ሰማይ ላይ ማን አለላችሁ? አየር ላይ ከታመማችሁም አንድ ነገር ልብ በሉና ለሐኪማችሁ ንገሩ፦ ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ የጀመራችሁ? እኔ ያን መንገደኛ አልጠየቅሁትም ነበር።