መሸኛ ሳትይዝ የመጣችን ተማሪ ልቀበል ወይስ ልመልስ? (መልስ)

ተማሪዋን ይቀበሏት፤ ቅበላው ጊዜያዊ መሆኑን ግን በጽሑፍ ያስፍሩ። ሐዋሳ አክስቷ ዘንድ ልትኖር መጥታ በሴሚስተሩ አጋማሽ ያለ መሸኛና ያለ ትራንስክሪፕት የቀረበችን የ7ኛ ክፍል ተማሪ «መመሪያ አይፈቅድም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ማስረጃ የሚጠየቀው ክፍሏንና ውጤቷን ለማረጋገጥ እንጂ ከትምህርት ለማስቀረት ባለመሆኑ፣ ይህንኑ ዓላማ ለጊዜው በሌላ መንገድ ማሟላት የእርስዎ ሙያዊ ውሳኔ ነው።

1. የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህራን አጭር የምደባ ፈተና ይስጧት። የቀድሞ ደብተሮቿንም ይመልከቱ፤ ቀን የተጻፈበትና መምህር በቀይ ያረመው ደብተር የትኛው ምዕራፍ ላይ እንዳቋረጠች ጭምር ያሳያል።

2. አክስቷ ማስረጃውን በተቆረጠ ቀን ለማቅረብ ይፈርሙ። እርስዎም ለቀድሞ ትምህርት ቤቷ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ስልክ ይፈጥናል፣ ፋይል ውስጥ ግን አይገባም።

3. ውሳኔውን ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ አስይዘው ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቁ። ነገ ሌላ ወላጅ «ለእሷ ተፈቅዶ ለእኔ ልጅ ለምን ይከለከላል?» ሲል የሚመልሱለት በዚህ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ስሟን በቃል ሰምተው ሮስተር (የተማሪዎች ስምና ውጤት መዝገብ) ላይ አያስገቡ። የአያት ስም በአንድ ፊደል ተለያይቶ ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ምዝገባ ሲደረስ ወላጅ ስም ለማስተካከል ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት ካላት ከዚያ ላይ ይገልብጡ፤ ከሌላት መሸኛው እስኪደርስ በእርሳስ ይጻፉት።