ኢላስቲክሰርች 8 ላይ የወሩ ሪፖርት ለምን እምቢ አለ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ የሽያጭ ዳሽቦርድ የሚሠሩ አንባቢ ኢላስቲክሰርችን (መረጃ መፈለጊያና ማጠቃለያ ሶፍትዌር) ከ7.17 ወደ 8 ካሳደጉ በኋላ አግሪጌሽኖቻቸው (መረጃን በቡድን ሰብስበው የሚያጠቃልሉት ጥያቄዎች) 400 ስህተት («ጥያቄው ልክ አይደለም» የሚል መልስ) መመለስ ጀመሩ። «ኢንተርቫል የሚለውን በሙሉ ፊክስድ_ኢንተርቫል ብዬ ተካሁት። የቀኑ ሠራ፤ የወሩ ግን አሁንም እምቢ አለ። የ30 ቀኑም ይሠራል፤ ግን ከሂሳብ ክፍሉ የወር ድምር ጋር አልገጥም አለኝ። ተንሸራታች አማካዩም ጠፍቷል» ይላሉ።

በጅምላ መተካቱ ነው ያስቸገረዎት። ዴት ሂስቶግራም (መረጃን በጊዜ የሚከፋፍለው አግሪጌሽን) ውስጥ የነበረው ኢንተርቫል (የእያንዳንዱ ክፍል ርዝመት) ከ7.2 ጀምሮ ማስጠንቀቂያ ሲሰጥበት ቆይቶ 8.0 ላይ ወጣ። ችግሩ ያ አንድ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፦ ቁጥሩ አንድ ሲሆን (1 ቀን፣ 1 ሳምንት፣ 1 ወር) በካሌንደር ይቆጥራል፤ ከአንድ ሲበልጥ (30 ቀን፣ 90 ሰከንድ) እኩል ርዝመት እየለካ ይቆርጣል። ስለዚህ የድሮው ኩዌሪ የሚሰጠውን ውጤት እንዳለ ከፈለጉ፣ አንድ የነበረውን ወደ ካሌንደር_ኢንተርቫል፣ ከአንድ በላይ የነበረውን ወደ ፊክስድ_ኢንተርቫል ይውሰዱት። ወር ርዝመቱ ስለሚለያይ ፊክስድ አይቀበለውም፤ የእርስዎ ስህተት ይኸው ነው። ሳምንትንም አይቀበልም። «እንግዲያው 7 ቀን ልበለው» እንዳይሉ፤ ፊክስድ ቆጠራውን የሚጀምረው ከጃንዋሪ 1, 1970 ነው፣ ያ ቀን ደግሞ ሐሙስ ነበር። ሳምንትዎ ከሐሙስ ይጀምርና ማንም ምክንያቱን ሳያውቅ ይኖራል። የካሌንደሩ ሳምንት ግን ሰኞ ይጀምራል።

የቀኑ የሠራው በዕድል ነው። ሰዓት በሚቀየርበት አገር የካሌንደር ቀን 23 ወይም 25 ሰዓት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አዲስ አበባ ሰዓት ስለማትቀይር ልዩነቱ አልታየዎትም። እግረ መንገድዎን ታይም_ዞን (የሰዓት ቀጠና) መጻፉን ይመልከቱ። ካልተጻፈ ቀኑ የሚቆረጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 የገባ ትእዛዝ ሁሉ ለትናንት ይቆጠራል።

አሁን ወደ 30 ቀኑ። እንደምገምተው ይህ ቁጥር የተመረጠው የኢትዮጵያን ወር ለማስመሰል ነው። እንደዚያ ከሆነ ሪፖርቱ ያኔም ልክ አልነበረም፤ ማሳደጉ ያበላሸው ነገር የለም። ከላይ ያልነው ጃንዋሪ 1, 1970 በእኛ ታኅሣሥ 23, 1962 ነው፤ ከዚያ በ30 በ30 ሲቆረጥ የወር መባቻ ላይ የሚያርፈው ቢገጣጠም ነው። በኦፍሴት (የመቁረጫውን መነሻ በሚያዛውረው ቅንብር) መስከረም 1 ላይ ቢያሳርፉትም በጳጉሜን ምክንያት በየዓመቱ 5 ወይም 6 ቀን ይንሸራተታል። ካሌንደር_ኢንተርቫልም አያድንም፤ የእሱ ወር የፈረንጆቹ ነው።

እኔ ብሆን መረጃው ሲገባ ወሩን አስልቼ «2017-01» በሚል መልክ በአንድ የኪይወርድ ፊልድ (ጽሑፉ ሳይከፋፈል እንዳለ በሚያዝበት መስክ) አስቀምጥና በተርምስ አግሪጌሽን (ተመሳሳይ እሴቶችን አንድ ላይ በሚያደርገው) እሰበስበዋለሁ። በጃቫ ከሆነ የሚሠሩት፣ ስሪተን ኤክስትራ የሚባለው ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። የቆየውን መረጃ አንድ ጊዜ በአፕዴት ባይ ኩዌሪ (የተቀመጡ መዝገቦችን በጅምላ በሚያድሰው ትእዛዝ) ይሙሉት። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፦ ተርምስ ካልነገሩት 10 ባኬት (ቡድን) ብቻ ነው የሚመልሰው፣ የእኛ ዓመት ደግሞ 13 ወር ነው። በወር ቅደም ተከተል ከደረደሩት ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ያለ ምንም ስህተት መልእክት ይቀራሉ። ሳይዝ 13 ይበሉ።

ቅደም ተከተል ካነሳን፣ የድሮዎቹ የመደርደሪያ ቃላት _ተርም እና _ታይም 8 ላይ የሉም፤ ሁለቱንም በ_ኪይ ይተኩ። ፐርሰንታይልስ (የመቶኛ ደረጃዎችን የሚያሰላው አግሪጌሽን) ውስጥም አንድ ቁጥር ሁለቴ የተጻፈበት ካለ ይሰርዙ፤ አሁን ስህተት ነው።

ተንሸራታች አማካዩ የጠፋው ሙቪንግ አቬሬጅ ራሱ ስለወጣ ነው። ምትኩ ሙቪንግ ፋንክሽን ሲሆን ስሌቱን በስክሪፕት (በአጭር ኮድ) ይሰጡታል፤ ለተራው አማካይ አንዌይትድ አቬሬጅ የሚባለው ፋንክሽን ተዘጋጅቶ አለ። ካልነገሩት ግን የያዘውን ባኬት ትቶ ከእሱ በፊት ያሉትን ብቻ ነው የሚያሰላው። የዛሬው እንዲገባ ከፈለጉ ሺፍት የሚባለውን ቅንብር 1 ያድርጉ። የወደፊቱን የመተንበይ ሥራ አዲሱ አይሠራም፤ ያንን ትጠቀሙ ከነበረ በራሳችሁ ኮድ ማስላት ነው።

ዳሽቦርዱ ዛሬውኑ መነሳት ካለበት፣ በሪኩዌስቱ አክሴፕት እና ኮንቴንት ታይፕ ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ መግለጫዎች) ላይ የ7 ተኳኋኝነትን፣ ማለትም ጥያቄው እንደ ስሪት 7 እንዲስተናገድ፣ ይጠይቁ። የድሮው ኢንተርቫልና _ተርም እንደገና ይሠራሉ፤ ሙቪንግ አቬሬጅ ግን አይመለስም። 9 ላይ ሲደርሱ የሚፈቀደው የ8 ተኳኋኝነት ብቻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ኩዌሪዎቹን አስተካክለው ሄደሩን ያውጡት።