ሁለት ቴራ የሚለው ፍላሽ ለምን ዋሸኝ?

ከተላኩልኝ ጥያቄዎች ለዛሬ አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው አንጀቴን ስለበላው መልሱ ይረዝማል፤ ሌሎቻችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ 2 ቴራባይት የሚል ፍላሽ ገዛሁ። የልጆቼን ፎቶና ቪዲዮ ከአሮጌው ላፕቶፕና ከስልኬ ሰብስቤ ገለበጥኩበት። ሲገለበጥ ምንም ስህተት አላሳየም። ቦታ ለማግኘት ብዬ ከሁለቱም አጠፋኋቸው። አሁን ፍላሹ ላይ የፋይሎቹ ስም አለ፣ መጠናቸውም ይታያል፤ አብዛኞቹ ግን አይከፈቱም። ቫይረስ ነው? (የሁለት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ቫይረስ በሆነ ደስ ባለኝ። የገዛሽው ሐሰተኛ ፍላሽ ይመስለኛል።

ፍላሽ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ ነው። ሌላው ኮንትሮለር ይባላል፤ እንደ መጋዘን ጠባቂ ቁጠሪው። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ጠባቂውን ነው። ራሱ ገብቶ መጋዘኑን አይለካም። አጭበርባሪዎቹ ታዲያ ጠባቂውን ያሠለጥኑታል። 64 ጊጋ በር ላይ ቆሞ «2 ቴራ ነኝ» ይላል። ዊንዶውስም አሜን ብሎ ይቀበላል።

64ቱ ሲሞላስ? ጠባቂው «ሞልቷል» አይልም። አንዳንዱ የመጣውን ሁሉ እየተቀበለ የትም ይጥለዋል። አንዳንዱ ዞሮ ከመጀመሪያው ይጀምርና ቀድሞ በገባው ላይ ይጽፍበታል። የፋይል ስምና መጠን የሚመዘገበው ግን ለብቻው ባለ ማውጫ ላይ ነው። ማውጫው ካልተነካ ስሙ ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም። አንቺ ጋ የሆነው ይኸው ነው።

ጥገና ላይ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ሰው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣ። ሲይዙት ከበድ ይላል፣ ደህና ዕቃ ይመስላል። ስከፍተው ውስጡ የጥፍር ያህል ሜሞሪ ካርድና ሁለት ትልልቅ ብሎን አገኘሁ። ብሎኖቹ በሙጫ ተለጥፈዋል። ሥራቸው መክበድ ብቻ ነው! ሰውየው ብሎኖቹን መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር።

አሁን ምን ይደረግ? ፍላሹ ላይ ምንም አትጨምሪ፣ ፎርማትም አታድርጊው። የሚከፈቱትን ፎቶዎች ወደ ሌላ ቦታ አውጪ። የበለጠው ተስፋ ያለው ግን ላፕቶፑ ላይ ነው። አሁኑኑ ዝጊው። ፕሮግራም አትጫኚበት፣ ቪዲዮም አትዪበት። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ቦታው «ነጻ ነው» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ እንደ ፎቶሬክ ባለ ነጻ ፕሮግራም መፈለግ ይቻላል። የተገኘው የሚቀመጠው ሌላ ዲስክ ላይ ነው፣ ይህን እንዳትረሺ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ከሆነ ግን ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ተስፋው ቀጭን ነው። ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ለቀጣይ ሥራ ብሎ ራሱ ያጸዳል። ስልክሽንም እዪው። አይፎን ላይ የተሰረዘ ፎቶ እስከ 30 ቀን ድረስ «በቅርቡ የተሰረዙ» ውስጥ ይቆያል።

ለሌሎቻችሁ፦ አዲስ ፍላሽ ስትገዙ ምንም ሳታስገቡበት ፈትኑት። ኤችቱ ቴስት ደብልዩ ወይም ኤፍ 3 የሚባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ፍላሹን ጢም አድርገው ይሞሉና መልሰው ያነባሉ። ጠባቂው እዚያ ላይ ይጋለጣል። ፍላሹ በሰከንድ 20 ሜጋባይት የሚጽፍ ከሆነ 64 ጊጋ ለመሙላት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እውነተኛ 2 ቴራ ቢሆን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። በነገራችን ላይ 64 የተባለው ዊንዶውስ ላይ 59 ነጥብ ምናምን ቢያሳይ አትደንግጡ። አምራቹ በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ያ ሌብነት አይደለም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ በርቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል። አንድ ጠጋኝ «ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ ይግዙ» አለኝ። የተጫነው ዊንዶውስ 10 ነው። እውነቱን ነው? (ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይዩልኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ዲስኩን ይመልከቱ። 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ከቀረና ዓይነቱ ኤችዲዲ (የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ) ከተባለ፣ ችግሩ የላፕቶፑ ዕድሜ ሳይሆን ዲስኩ ነው።

ሒሳቡን እርስዎ ይወዱታል። የብዙ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ 90። አንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ነው። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ክንድ ስር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል። ክንዱ ራሱ ወደ ቦታው እስኪሄድ ደግሞ ሌላ አሥር ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ስለዚህ እዚህም እዚያም የተበታተነ መረጃ ሲፈለግ በሰከንድ ከ60 እስከ 70 ጊዜ ብቻ ያነባል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ ሺዎች ትንንሽ ፋይሎችን ይጠይቃል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያነባል። የላፕቶፕዎ ዲስክ 2.5 ኢንች ከሆነ በኤስኤስዲ መቀየር የጥቂት ብሎኖች ጉዳይ ነው። ራሙ (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋ ከሆነም ቢጨምሩለት አይከፋም።

ጠጋኙ አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14፣ 2025 (እ.ኤ.አ.) አቁሟል። ኮምፒውተሩ አይቆምም፤ የደኅንነት ማሻሻያው ነው የሚቀረው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የእርስዎ ካላሟላ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻውን ሊኑክስ ሚንት ይሞክሩ። ለማንበብ፣ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለማየት ከበቂ በላይ ነው። እኔ የዛሬውን ዓምድ የጻፍኩት በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ቻት ጂፒቲን ምንጭ ጠየቅኩት። ስምንት ሰጠኝ፤ ደራሲው፣ ዓመቱ፣ ገጹ ሳይቀር። ሦስቱን የትም ላገኛቸው አልቻልኩም። «እርግጠኛ ነህ?» ስለው ይቅርታ ጠይቆ ሌላ ሦስት ሰጠኝ። እነሱም የሉም። (ተመራቂ ተማሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ፈለግካቸው። ብዙዎች ሳይፈልጉ ይለጥፋሉ።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከተባለው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ምንጭ ደግሞ መልክ አለው፦ የአባት ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ቅጽ፣ ገጽ። መልኩን አጥንቶታል። ስለዚህ ምንጭ የሚመስል ነገር ይጽፍልሃል፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ሄዶ አይደለም ያመጣው። «እርግጠኛ ነህ?» ማለትም አይጠቅምም፤ መልሱን የሚሰጥህ በዚያው ግምት ነው። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። እነሱም እውነት መሆኑን መልሰው የጠየቁት ራሱን ነበር። «አዎ፣ እውነት ነው» አላቸው።

አሁን አሁን ኢንተርኔት ፈልገው የሚመልሱ አሉ፣ እነሱ ይሻላሉ። ያም ሆኖ ሊንኩን ከፍተህ ጽሑፉን በዓይንህ እይ። አንዳንዴ ጽሑፉ አለ፣ የሚለው ግን ሌላ ነው። እኔ ራሴ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ የማይገባኝን የስህተት መልእክት እንዲያስረዳኝ፣ የጻፍኩትን እንዲያሳጥርልኝ። እነዚህን ወዲያው ማረጋገጥ እችላለሁ። ስምንቱንም አንድ በአንድ ፈልጋቸው፤ ያላገኘኸውን ከጽሑፍህ አውጣ። መምህርህ አንዱን ብቻ ፈልጎ ቢያጣ የቀሩትንም አያምንልህም።

ጥያቄ፦ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ማደር ባትሪ ይገድላል? ዜሮ እስኪደርስ መጠበቅስ አለብኝ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አይገድልም። ሲሞላ ስልኩ ራሱ ያቆማል። የዛሬ ስልኮች የሚይዙትን ሊቲየም አየን ባትሪ ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ ላይ መዋል ነው። ስልክህ «80 ላይ አቁም» የሚል አማራጭ ካለው አብራው። ዜሮ ማድረስ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ወሬ ነው፣ እርሳው። ቻርጅ ላይ እያለ ትራስ ስር ግን አታድርገው።