«ከየት ተማርሽው?»

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎት። ቦሌ አካባቢ አዲስ የተከፈተ የወይንና የቺዝ ቤት አለ። ባለቤቴ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ሦስት ቅዳሜ ወሰደኝ፤ ሦስቱንም ቅዳሜ ተቃጥዬ ተመለስኩ። ብርጭቆ ሳነሳ ሰው ፊት «እግሩን ያዢው እንጂ፣ ሆዱን አትቀፊው» ይለኛል። የምጠጣውን የሚያዝልኝ እሱ ነው። ጣፋጭ ወይን እወዳለሁ ብል «እሱ የጀማሪ ነው» ብሎ ደረቅ የዝዋይ ወይን አስመጣልኝ። ቺዙ በጣውላ ላይ ተደርድሮ ይመጣል፤ አንደኛው ሰማያዊ ሻጋታ አለበት፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ስለ ሂሳቡስ ባላነሳ ይሻላል፤ የልጆቻችንን የወር ሰርቪስ ይከፍላል።

ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ባልደረባው ስቀምስ አይታኝ «አቀማመስሽ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከየት ተማርሽው?» አለችኝ። «እንዲሁ አነባለሁ» አልኳት። ያደግሁት ፍቼ አጠገብ ነው፤ እናቴ ያስተማረችን ቅቤና አይብ እየሸጠች ነው። ባሌ ወዲያው ስለ ብርጭቆ ቅርጽ ማስረዳት ጀመረና ወሬው አለፈ።

ይሄ ሰው እንዲህ አልነበረም፤ ሹመቱ ከመጣ ወዲህ ነው። ስናገረው «አኩርፈሽ አታሳፍሪኝ» ይለኛል። እንዴት ልመልሰው? ደግሞ በሚቀጥለው ወር እነዚሁ ሰዎች ቤታችን እራት ተጠርተዋል። እናቴም በዚያው ሳምንት ለዓይኗ ሕክምና ትመጣለች። የእራቱን ቀን ብቻ ላምበረት ወንድሜ ጋ ትደር ብል ይከፋት ይሆን?

ሦስት ቅዳሜ የተቃጠልኩ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፤

በብርጭቆው ባልሽ ልክ ነው። መዳፍ ወይኑን ያሞቀዋል፣ ስለዚህ እግሩ ይያዛል። ሰው ፊት ማረሙ ግን ብልግና ነው፤ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ «ሁለተኛ እንዳትደግመው» በይው። መጠጥሽንም ራስሽ እዘዢ። በየሠርጉ አክሱሚት ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ጣፋጭ ወይን ብንወድ አያሳፍርም። የእሱ ነገር በዚህ ይብቃ፤ እኔ የተቀየምኩት አንቺን ነው።

«እንዲሁ አነባለሁ» አልሽ? ባልሽ በእናትሽ ላይ የተናገረው ክፉ ቃል ካለ ብዬ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። አንድም የለም። እናትሽን የደበቅሻቸው አንቺ ነሽ።

እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ሁሉ ወተት እንዴት አይብ እንደሚሆን በእጇ የምታውቅ አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም። መናጫውን በወይራ ጭስ ማጠን፣ እርጎውን ንጦ ቅቤውን ማውጣት፣ ከዚያ አሬራውን በለስላሳ እሳት መጣድ። እሳቱ ከበረታ አይቡ ይደርቃል፣ ይሻክራል። ረግቶ ሲሰበሰብ አጓቱ ይጠለላል። ያ ጣውላ ላይ የመጣው ብዙው ቺዝ ሌላ መንገድ ነው የመጣው፦ ወተቱ ከጥጃ ጨጓራ ወይም ከሌላ ነገር በሚገኝ ማርጊያ ይረጋል፣ ጨው ይገባበታል፣ ለሳምንታት አንዳንዱም ለወራት ይቀመጣል። ይህን ብታወሪላቸው ጆሯቸውን ይሰጡሽ ነበር።

የሰላሌ እናቶች ደግሞ ሌላም ያውቃሉ። በሁዳዴ 55 ቀን የወተት ገዢ ሲጠፋ፣ ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ገበያ ይቆያል። ደብተርሽና ጫማሽ የተገዛው በዚህ ስሌት ይመስለኛል። ለዚህ ነው መልስሽ አንጀቴን ያሳረረው።

አሁን ወደ ላምበረቱ ነገር። ይከፋት ይሆን አልሽኝ። ይከፋቸዋል። ግን አይነግሩሽም፤ «ደግ ነው ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። ወንድምሽ ጋ ሆነውም ሌሊቱን ሲያስቡት ያድራሉ። አታድርጊው፣ በእናትሽ አታድርጊው። ስለዚህ ነገር ከባልሽ ጋር መመካከርም አያስፈልግሽም፤ እናቴ እዚህ ናት በይው፣ አለቀ።

እራቱን ረቡዕና ዓርብ እንዳታደርጊው ብቻ ተጠንቀቂ። ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ አሬራ አስመጪና እናትሽን ምድጃው አጠገብ አስቀምጪያቸው። ዓይናቸው ቢደክምም አሽትተው ያውቁታል፤ «እሳቱን ቀንሺ» ይበሉሽ፣ አንቺም ቀንሺ። በእራቱ ቀን አይቡ ከእንግዶቹ ቺዝ ጋር እኩል ይቅረብ። እናትሽ ጓዳ ሳይሆን ሳሎን፣ አንቺ አጠገብ ይቀመጡ። ያቺ ባልደረባው ስትገባ እጇን ይዘሽ ወደ እሳቸው ውሰጃትና «ያን ቅዳሜ ዋሽቼሻለሁ፤ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ይህችው» በያት።